ከማየት በፊት ቁልፍ

የዛሬው ርዕሳችን የእሽቅድምድም ስህተት ነው፤ ባለሙያዎቹ ሬስ ኮንዲሽን ይሉታል።

እስቲ የጋራ ማድ ቤት እናስብ። አልማዝ ብቅ ብላ አየች፤ የሚጋግር የለም። «እንግዲያው ትልቁን ምጣድ በትንሹ ልቀይረው» ብላ ትንሹን ልታመጣ ሄደች። በዚህ መሃል ጎረቤቷ ገብታ በትልቁ ምጣድ ልክ ሊጥ ቀዳች። ዞር ስትል ምጣዱ ተቀየረ። ከዚያማ ሊጡ ከምጣዱ አልፎ እሳት ላይ! የሁለቱም ጥፋት አይደለም እኮ። ክፍተቱ በማየትና በመቀየር መካከል ነው።

ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና እምብርት፣ ማለትም በከርነሉ ውስጥም፣ የኔትወርክ ፓኬት በሚቀበለው ክፍል፣ ይህን የመሰለ የእሽቅድምድም ስህተት ከፈረንጆቹ 2011 እስከ 2016 ተደብቆ ኖረ። ጎን ለጎን ከሚሄዱት የፕሮግራሙ ሥራዎች (ክሮች) አንዱ ክር «የፓኬት ማጠራቀሚያው ገና አልተዘጋጀም» ብሎ አይቶ የአሠራር ስሪቱን ሊቀይር ሲል፣ ሌላው ክር ማጠራቀሚያውን በአሮጌው ስሪት ያዘጋጀዋል። ታዲያ ይህ ቀልድ አይደለም፤ ተራ ተጠቃሚ በዚህች ቀዳዳ ገብቶ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ መቆጣጠር ይችል ነበር።

መፍትሔውስ? የጥቂት መስመር ኮድ ነው። ስሪት ቀያሪው ክር መጀመሪያ ሶኬቱን፣ ማለትም ፕሮግራሙ ፓኬት የሚቀበልበትን በር፣ ይቆልፋል፤ ከዚያ ያያል፤ ከዚያ ይቀይራል፤ ከዚያ ቁልፉን ይለቃል። ማጠራቀሚያ የሚያዘጋጀውም ክር ያንኑ ቁልፍ ሳይዝ ሥራ እንዳይጀምር ተደረገ።