ጀግና ማን ነው?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

በዓል ሲመጣ ሽልማት ይመጣል። ሽልማት ሲመጣ ደግሞ «ዘንድሮ ማን ይሸለም?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። አንዱ በሄክታር ብዙ ኩንታል ያገኘውን ይጠቁማል። ሌላው ቆርቆሮ ቤት የሠራውን፣ ሦስተኛው ወፍጮ የተከለውን ይጠራል። ጥያቄው ግን ከሽልማት ዝርዝር በላይ ነው። አንድ አገር ጀግና ብሎ የሚጠራውን ሰው ልጆቹ አርአያ ያደርጉታል። ስለዚህ ይህን ስም ለማን እንደምንሰጥ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል።

በደብረ ታቦርና በአካባቢው ጀግና ሲባል መጀመሪያ ወደ ልብ የሚመጣው ጦርና ጋሻ፣ ጠመንጃና ፉከራ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ደብረ ታቦር የዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫ የነበረች ከተማ ናት። በአጠገቧ ያለችው ጋፋት ደግሞ መድፍ የተሠራባት ቦታ ናት። ንጉሠ ነገሥቱ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ በኋላ በዘመነ መሳፍንት የተበታተነችውን አገር አንድ ለማድረግ ቆርጠው ተነሱ። ለዚህም የእጅ ሙያ ያላቸውን የውጭ አገር ሚሲዮናውያን ጋፋት ላይ ሰብስበው መድፍ አሠሩ። ከሁሉም የገዘፈው ሴባስቶፖል የተባለው ሲሆን ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይጠጋል።

በጥቅምት ወር 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ሲነሱ ሴባስቶፖልም አብሮ ተነሳ። በወቅቱ ለመንኮራኩር የሚሆን መንገድ አልነበረም። መድፉ ከመሄዱ በፊት መንገዱ መሠራት ነበረበት። በጋይንትና በጨጨሆ፣ በጅዳና በበሽሎ ሸለቆ ዓለት እየተፈለጠ፣ ዳገት እየተቆረጠ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው በጠፍር እየጎተተው መቅደላ እስኪደርስ ወደ ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። በዓይናቸው ያዩ ሰዎች እንደመሰከሩት ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሱ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ለጠላት እጃቸውን ከመስጠት ሞትን መርጠው በመቅደላ ራሳቸውን ሠዉ። ያ ሁሉ የተለፋበት መድፍ የጦርነቱን ውጤት አልለወጠውም።

ይህን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ስንዘልላቸው እንታያለን። አንደኛው፣ ጠፍሩን የጎተቱት ሰዎች ስም አለመታወቁ ነው። የንጉሡን ስም ሕፃን ያውቀዋል፤ መድፉም ስም አለው። መንገዱን የቆረጡት ግን «ሠራዊቱ» ከመባል አላለፉም። ሁለተኛው ደግሞ የገበሬው ጎተራ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በንግሥናቸው መጀመሪያ ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ንግዱ እንዲመለስ አውጀው ነበር። በዘመናቸው መጨረሻ ግን የበጌምድር ገበሬ በሠራዊቱ ተዘርፏል፤ ደብረ ታቦርም ንጉሡ ሲለቋት በእሳት ጋይታለች። ታላቅ ንጉሥን ለማክበር ይህን መደበቅ አያስፈልግም። እንዲያውም ጀግንነት ዋጋው በማን ጎተራ እንደሚከፈል እንድንጠይቅ ያደርገናል።

በጣሊያን ወረራ ዘመንም እንዲሁ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የበጌምድር አርበኞች ዱር ቤቴ ብለው ተዋግተዋል። በ1933 ዓ.ም. የደብረ ታቦር የጣሊያን ጦር እጁን ሰጥቷል። አርበኛው ግን በባዶ ሆዱ አልተዋጋም። ሌሊት እህል የፈጨች፣ ስንቅ የቋጠረች፣ ወሬ ያቀበለች ሴት ነበረች። ቤቱ እንደሚቃጠል እያወቀ ቁስለኛ ያስጠጋ ገበሬ ነበረ። ጥይት የተኮሰው ጀግና ከሆነ፣ ያበላው ምን ሊባል ነው?

ክቡራትና ክቡራን፣

አሁን ከጋፋት ወረድ ብለን ወደ ፎገራ ሜዳ እንሂድ። ጉና ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራችን ነው። ጉማራና ርብ ከእሱ ተነስተው ሜዳውን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ክረምት ሲሆን ሁለቱም ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ። ቀድሞ ውኃ የሚተኛበት መሬት ለከብት ግጦሽ እንጂ ለክረምት እህል እምብዛም አይታሰብም ነበር፤ ውኃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል።

በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ በዚህ ሜዳ ላይ ሩዝ ተሞከረ። የተሞከረውም በሁለት የአምራቾች ማኅበራት ነበር፤ በፎገራ በሻጋ፣ በደራ ደግሞ በጅግና። የዚያን ጊዜ ማኅበራት እንዴት እንደነበሩ በዕድሜ የገፉ አባሎቻችን ያውቃሉ። መሬቱም በሬውም በአንድ ላይ ተደርጎ ሥራው በነጥብ ይቆጠር ነበር። ብዙው ገበሬ ወዶ አልገባበትም። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ማኅበራቱ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ፈረሱ።

ማኅበሩ ሲፈርስ ሩዙ ግን አብሮ አልጠፋም። ዘሩ ከገበሬ ወደ ገበሬ እየተሻገረ ሜዳውን ሞላው። ሴቶቻችን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው እንጀራ ጋገሩት፤ ጠላና አረቄም ወጣው፤ ገለባው ለከብት ሆነ። ወረታ የሩዝ መፈልፈያ ከተማ ሆነች። ከጊዜ በኋላም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል በዚያው በፎገራ ተቋቋመ። በሜዳው ለረጅም ዘመን የገነነው ዝርያ «ኤክስ ጅግና» ይባላል። ስሙ የመጣው ከዚያው ከጅግና ነው። በሰነፍ ጆሮ ጅግናና ጀግና አንድ ይመስላሉ፤ ነገሩን ላስተዋለው ግን ስህተቱም ከእውነት ብዙ አይርቅም። ማኅበሩን ያቋቋመው አዋጅ ቀርቷል፤ ከፍርስራሹ ጥቂት ቁና ዘር ያተረፉት ሰዎች ሥራ ግን ዛሬም እንጀራ ሆኖ ይበላል።

ከዚህ በመነሳት ጀግና የሚባል ሰው ሦስት ምልክቶች አሉት ማለት ይቻላል።

አንደኛ፣ ሌላው ሳይጀምር ይጀምራል። ይህን ቀላል አድርገን አንየው። በደጋው ብዙው አርሶ አደር ያለው መሬት ከአንድ ሄክታር አይበልጥም። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ነው እንበል። አራት ጥማድ ያለው ሰው አንዱን ጥማድ ለአዲስ ዘር ሲሰጥ የልጆቹን ቀለብ ሩብ አስይዞ ነው። ባለሙያ ምክር ሰጥቶ ማታ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ዘሩ ቢከዳ የሚራበው ገበሬው ነው። ስለዚህ «አርሶ አደሩ አዲስ ነገር አይቀበልም» ከማለት በፊት ምን አስይዞ እንደሚቀበል ማየት ያስፈልጋል። አስቦ፣ ከማሳው ጥግ ጀምሮ፣ ውጤቱን አይቶ የሚያሰፋ ገበሬ ፈሪ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ያገኘውን ለጎረቤቱ ያሻግራል። ዘሩን ቆልፎ ብቻውን የከበረ ሰው ጎበዝ ገበሬ ሊባል ይችላል፤ ጀግና ለመባል ግን አንድ ነገር ይቀረዋል። የእርከን ሥራን እንመልከት። እርከን ከማሳ ላይ መሬት ይወስዳል፤ ጥቅሙ ዘግይቶ ይታያል። ከላይ ያለው ጎረቤት ካልሠራ ደግሞ ከሱ ማሳ የተነሳው ጎርፍ የታችኛውን እርከን ይንደዋል። ጎርፍ ድንበር አያውቅም። በፋርጣና በጋይንት ተዳፋት ላይ ብቻውን የሚሠራ ሰው ድካሙ ከንቱ ነው። ከላይ ሆኖ ለታችኛው ጎረቤቱ ሲል ማሳውን የሚከትር ሰው ግን ሳይተኩስ አገር ጠብቋል። ከጉና የሚወርደው አፈር የፎገራን ቦይ እንደሚደፍንና ጣና ድረስ እንደሚሄድ ማስታወስ ይገባል።

ሦስተኛ፣ ብቻውን ቢቀርም እውነቱን አይለቅም። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ የአውራ አምባ ማኅበረሰብ አለ። መሥራቹ ዙምራ ኑሩ ገና በልጅነታቸው፣ እናታቸው ከአባታቸው እኩል እርሻ ውለው ማታ ደግሞ የቤቱን ሥራ ሁሉ ብቻቸውን መሥራታቸው ለምን እንደሆነ ጠየቁ። ለዚህ ጥያቄ «እብድ» ተባሉ። በ1964 ዓ.ም. ከጥቂት ሰዎች ጋር ማኅበረሰቡን መሠረቱ። በደርግ ዘመን ተሳደው ወደ ደቡብ ተሰደዱ፤ ከሥርዓቱ ለውጥ በኋላም ተመለሱ። መሬታቸው ጥቂት በመሆኑ ሽመናን ያዙ። ሴት ታርሳለች፣ ወንድ ይጋግራል፤ ሥራ የሚከፈለው በጾታ ሳይሆን በችሎታ ነው። አንድ ሰው በሁሉም ነገር ከእነሱ ጋር መስማማት የለበትም። ነገር ግን በመንደር ሁሉ እየተሳቀበት ጥያቄውን ያልጣለ ሰው ከአንበሳ ገዳይ አያንስም።

የተከበራችሁ አባላት፣

ይህ ሁሉ ወደ ዩኒየኑ ጉዳይ ይመልሰናል። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ፣ በኋላም በ2009 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ፣ ማኅበርን በፈቃደኝነት ላይ አቁመውታል። አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው፤ ሀብታሙም ደሃውም፣ ወንዱም ሴቷም። ሕግ ግን ብቻውን ማኅበር አያቆምም። ድምፁን የሚጠቀምበት ሰው ያስፈልጋል።

ማዳበሪያ ባጠረ ጊዜ በሌሊት ዘመድ ሲመጣበት «ተራህን ጠብቅ» የሚል የመጋዘን ሠራተኛ ጀግና ነው። በጠቅላላ ጉባኤ ሁሉም እጁን ሊያወጣ ሲቸኩል ተነስታ «ሂሳቡ መጀመሪያ ይነበብልን» የምትል እናት ጀግና ናት። ነጋዴ ደጁ ድረስ መጥቶ ጥቂት ብር ጨምሮ ሲያባብለው ለማኅበሩ ያስረክባል ብሎ የገባውን ቃል የሚያከብር አባል ጀግና ነው። የወሰደውን ብድር በጊዜው የሚመልስ፣ መመለስ ሲያቅተው ደግሞ ሳይደበቅ ቀርቦ የሚናገር ሰውም እንደዚሁ። ለእነዚህ ማንም አይፎክርላቸውም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ግን ድሩ እነዚህ ናቸው። አንዱ ክር ከበሰበሰ አንበሳው ያመልጣል።

ለተከበራችሁ አመራሮችና ባለሙያዎችም አንድ ቃል ይጨመራል። የእኛ የጀግንነት ሜዳ ወረቀቱ ነው። ሃያ ሜትር የተሠራውን እርከን ሃያ ሜትር ብሎ መጻፍ፣ ያልበቀለውን ዘር አልበቀለም ማለት ቀላል አይደለም። የጎረቤት ቀበሌ ቁጥር ከፍ ብሎ ሲታይ እጅ ይፈተናል። ነገር ግን በወረቀት ላይ የበቀለ ስንዴ በድርቅ ዓመት አይበላም። በ1997 ዓ.ም. የሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር ከዞናችን ወረዳዎች በርካቶቹ ተረጂ ነበሩ። የተራበው ሰው ቁጥር በትክክል ካልታወቀ እህሉም በትክክል አይደርስም። እዚህ ላይ የተሳሳተ ቁጥር የሰው ነፍስ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው የምሥረታ በዓል ተሸላሚ ሲመረጥ «ስንት ኩንታል አመረተ?» ከሚለው ጥያቄ ጎን ሌሎች ሦስት ጥያቄዎች ይጨመሩ። ከእሱ ማሳ ስንት ጎረቤት ዘር ወሰደ? ከእሱ እርከን በታች ያለው ማሳ ደኅና ነው ወይ? በጉባኤ ላይ የማይወደድ እውነት ተናግሮ ያውቃል ወይ? መልሱ የሚገኘው በመዝገብ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤት ይጠየቅ፤ ሚስት ትጠየቅ። ምናልባት ተሸላሚው እስካሁን ማንም ስሙን ጠርቶት የማያውቅ፣ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ ሰው ሆኖ ይገኛል።

የሴባስቶፖልን ጠፍር የጎተቱትን ሰዎች ስም ዛሬ ብንፈልግ አናገኘውም። የዩኒየኑን ጠፍር የሚጎትቱት ግን እዚሁ ዳስ ሥር ተቀምጠዋል። ስማቸውን በሕይወት ሳሉ መጥራት በእጃችን ነው።

መልካም የምሥረታ በዓል!