ጨዋታው ያልቃል፣ ስድቡ ግን ይቀራል

(በልደታ ክፍለ ከተማ ለወጣቶች ክበብ አባላት የቀረበ ንግግር)

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጌም ነው። "ጌም ከኛ ክበብ ጋር ምን አገናኘው?" የሚል አይጠፋም። እስቲ ትንሽ ታገሱኝ።

ድሮ በሰፈራችን ጌም ማለት ፕሌይስቴሽን ቤት ተራ ጠብቆ ኳስ መጫወት ነበር። የሰደብከው ልጅ አጠገብህ ስለሆነ ወይ ትጣላላችሁ፣ ወይ እዚያው ትታረቃላችሁ። በ2018 እ.ኤ.አ. ፐብጂ ሞባይል ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። መቶ ተጫዋች አንድ ደሴት ላይ ይወርዳል፤ አራት አራት ሆነን በማይክ እያወራን እንጫወታለን። የምንሰድበውን ሰው ፊት ግን አናይም።

አንድ ማታ ሁላችንም በየቤታችን ሆነን ስንጫወት ከቡድናችን አንዱ ተሳሳተና ተሸነፍን። እኔ በንዴት "አንተ ኤድሳም!" አልኩት። ሌሎቹ ሳቁ። እሱ ምንም ሳይመልስ ወጣ። ሳምንት ሙሉ ጠፋ።

ግራ ቢገባኝ ቤቱ ሄድኩ። ከቫይረሱ ጋር እንደተወለደ ያን ቀን ነገረኝ። "ያወቃችሁብኝ መሰለኝ" አለ። በንዴት መድኃኒቱን መዋጥ አቁሞ ነበር። ጓደኞቼ፣ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ ይራባል፣ መድኃኒቱንም ሊላመድ ይችላል። እኔ "ለቀልድ" ያልኳት አንዲት ቃል እዚህ ድረስ ሄደች። ደግነቱ እናቱ ነቅተው ወደ ሐኪሙ መለሱት። ይህንን እንድናገር የፈቀደልኝ ራሱ ነው፤ "ስሜን ብቻ እንዳትጠራ" ብሎኛል።

እህቶቻችን ደግሞ ሌላ ፈተና አለባቸው። ድምፃቸው እንደተሰማ "ማድ ቤት ግቢ!" ይባላሉ። ቀጥሎ "ስልክሽን ስጪኝ፣ ፎቶ ላኪልኝ" ይመጣል። ማይካቸውን ዘግተው፣ የወንድ ስም አውጥተው የሚጫወቱ አሉ። ይኼ ጨዋታ ነው ትላላችሁ?

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ለተሳዳቢ መልስ አትስጡ። የሚፈልገው እሱኑ ነው። ድምፁን ዝጉት፣ ብሎክ አድርጉት፣ እዚያው ጌሙ ውስጥ ሪፖርት አድርጉት።

ሁለተኛ፣ ስልክ ቁጥር፣ ፎቶ፣ የቤት አድራሻ ለማታውቁት ተጫዋች አትስጡ።

ሦስተኛ፣ ዛቻ ከመጣ ስክሪንሹት ያዙና ለምታምኑት ትልቅ ሰው ንገሩ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 በኮምፒዩተር አማካይነት ሰውን ማስፈራራትንና ማስጨነቅን በእስራት ይቀጣል። ሞባይልም ያው ኮምፒዩተር ነው።

አራተኛው ከሁሉም ይበልጣል። ሌላው ሲሰደብ አትሳቁ። ያን ማታ አንድ ልጅ "ተው እንጂ!" ቢለኝ ኖሮ አፍር ነበር።

ለመሆኑ ኤች አይ ቪ ስድብ የሚሆነው ለምንድን ነው? በአገራችን መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። በትክክል እየወሰደ የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ አያስተላልፍም። ይማራል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። ፐብጂም ያሸንፋችኋል!

ጓደኛዬን ይቅርታ ጠይቄው ተመልሷል። መድኃኒቱን የሚወስደው ማታ 3 ሰዓት ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ጨዋታውን ትተን እንጠብቀዋለን። ብንሸነፍም እንሸነፍ።