ባዕድ አገር ላለ ልጃችን ምን ልከንለታል?

 ምስጋና ለአላህ የተገባ ነው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ የፕሮግራማችን ተከታታዮች! ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ የዲላ ልጅ ነው። ስሙን አንጠራም፤ ታሪኩን እንድንናገር ግን ፈቅዶልናል።

ይህ ወንድማችን በነፃ የትምህርት ዕድል ቻይና ሄዶ ምሕንድስና ተማረ። ሲመረቅም በሰሜን ምዕራብ ቻይና፣ በጋንሱ ግዛት፣ ከበረሃው ጥግ ባለች አንዲት የማዕድን ማቅለጫ ከተማ ሥራ አገኘ። እኛ ቻይና ሲባል የምናውቀው ነጋዴዎቻችን ዕቃ የሚጭኑባቸውን ጓንዡንና ዪዉን ነው። እዚያ ሐበሻ አይጠፋም። እርሱ በነበረበት ከተማ ግን ከእርሱ በቀር የአገሩ ሰው አልነበረም። ጥር ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ ይወርዳል። በእንሰትና በቡና ጥላ ሥር ላደገ ልጅ ይህ ቀላል አይደለም።

ቻይና ከዳር እስከ ዳር የምትጠቀመው በአንድ የቤጂንግ ሰዓት ነው። ስለዚህ በዚያ አካባቢ በብርዱ ወራት ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት በኋላ ነው። ሱብሒ የሚደርሰው የፋብሪካው አውቶብስ ሠራተኛ ሲሰበስብ፣ ዙህር የሚገባውም የምሳ ዕረፍት ሲያልቅ ነው። ዒድም በመላ አገሪቱ ሥራ የሚዘጋበት ቀን አይደለም።

ቢሆንም አላህ ያለ ወዳጅ አልተወውም። በጋንሱ ኹይ የሚባሉ የቻይና ሙስሊሞች ከጥንት ጀምሮ ይኖራሉ። በእጅ የተጎተተ ኑድልስ በበሬ ሥጋ መረቅ የሚሸጡባቸው ቤቶቻቸው በብዙ የቻይና ከተሞች ይገኛሉ። ሐላልነታቸው የሚታወቀው ‹ቺንግጀን› ተብለው በሚነበቡ ሁለት የቻይና ፊደላት ነው። ከ2018 (እ.ኤ.አ) ወዲህ በብዙ ቦታ የዐረብኛው ጽሑፍ ስለተነሳ እነዚህን ፊደላት ማወቅ ያስፈልጋል። ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ ባለቤቱ ሽማግሌ «አሰላሙ ዐለይኩም» ሲሉት እንባው እንደመጣ ነግሮናል።

እኛስ ምን አደረግን? የመስጂዳችንን ምንጣፍ ልንቀይር ስንነሳ ደወልንለት፤ ላከልን። ጁሙዓ ላይ ዱዓ አደረግንለት። ቤተሰቦቹ ለእህቱ ኒካሕ ጠየቁት፤ ላከላቸው። ያን ጊዜ የሥራ ውሉ ከተቋረጠ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። የላከው በሌላ ከተማ ካሉ የትምህርት ጓደኞቹ የተበደረውን ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ ከሥራው ጋር የተያያዘ ስለነበር ቀኑ እየተቆጠረበት ነበር። አንድ ደላላ ተደብቆ እንዲሠራ ቢያግባባውም እምቢ ብሎ፣ ዕዳውን ተሸክሞ አገሩ ገባ።

ሲመለስ እንዲህ አለን፦ «ኡስታዝ፣ ሁላችሁም ‹ገንዘቡ ደረሰ› አላችሁኝ። ‹አንተስ እንዴት ነህ?› ብሎ መልሱን የጠበቀ ግን አልነበረም።»

ወንድሞችና እህቶች! ይህ ወቀሳ የሚመለከተው እኛን ነው። ጀማዓው ተመካክሮ የምንጣፉን ያህል ገንዘብ መልሶለታል። የቀረው ዕዳ ግን ገና አላለቀም፤ ሥራም እያፈላለግንለት ነው። ከዚህ ተነስተን ሦስት አደራ እንላለን።

አንደኛው አደራ ለሚሄዱት ነው። በተማሪ ወይም በጉብኝት ቪዛ ያለ ፈቃድ መሥራት በቻይና ሕግ ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ያስቀጣል፤ ከበድ ካለም ከ5 እስከ 15 ቀን ያሳስራል። ሆቴል ያላረፈ የውጭ ዜጋ በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ዘንድ መመዝገብ አለበት። በተፈቀደ መስጂድ መስገድ ይቻላል፤ የውጭ ዜጋ ዳዕዋ ማድረግ ግን ክልክል ነው። ደላላ ይህን አይነግራችሁም።

ሁለተኛው ለቤተሰብ ነው። ቻይና በሰዓት በ5 ትቀድመናለች። እኛ ዘንድ ቀን 9 ሰዓት ሲሆን እዚያ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ ልጃችሁ ከሥራ ገብቶ ብቻውን የሚቀመጥበት ሰዓት ነው። ዋትስአፕ እዚያ የተዘጋ ስለሆነ ዊቻት አስጭኑና ያን ጊዜ ደውሉ። በዚያ ጥሪ ገንዘብ አታንሱ። ሥራው እንዳለ፣ ጤናው እንዴት እንደሆነ ጠይቁና መልሱን ስሙ። «ከከበደህ ና፤ ቤትህ ነው» በሉት። ይህን ቃል ያልሰማ ልጅ ከሐፍረት ዕዳን ይመርጣል።

ሦስተኛው ለሁላችንም ነው። ከዲላ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ የቻይና ኩባንያ ገንብቶት በ2016 (እ.ኤ.አ) የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ከቻይና፣ ከሕንድ፣ ከስሪላንካና ከኢንዶኔዥያ የመጡ ባለሙያዎች እዚያ ሠርተዋል። ከጌዴኦ የሄዱ እህቶቻችንም ቤት ተከራይተው ሠርተውበታል። ለእኛ ቅርብ ይሁን እንጂ ለእነርሱም ባዕድ አገር ነው። ሐዋሳ ዘመድ ያላችሁ፣ ደሞዝ ከምትጠይቋቸው በፊት ደኅንነታቸውን ጠይቁ።

ከ1400 ዓመት በፊት፣ በ615 (እ.ኤ.አ) ገደማ፣ ሶሓቦች ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ የጠበቃቸው ነጃሺ ነበር። ከሳሾቻቸው እጅ መንሻ ይዘው ሲመጡ አሳልፎ አልሰጣቸውም። አስጠርቶ ጠየቃቸው፤ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ሲመልሱም አዳመጠ። አገራችን በሙስሊሞች ዘንድ የተወደደችው እንግዳን ጠይቃ በመስማቷ ነው። ለእንግዶቹ ያደረግነውን ለራሳችን ልጆች አንንፈግ።

አላህ በየባዕድ አገሩ ያሉ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ እኛንም ጠያቂዎች ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።