የመምህሩ አስተያየት የት ገባ?

(የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራን በተሰበሰቡበት አንድ መድረክ ላይ ያሰማሁት ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች ጥቂት አሳጥሬዋለሁ።)



ስለ እንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ ተናገር ተብዬ ስጠራ መጀመሪያ የመጣው ሳቄ ነው። እኔ የማንም ተቀጣሪ ያልሆንኩ፣ ከጋዜጣ ጋዜጣ እየዞርኩ የምጽፍ ሰው ነኝ። ያለኝም አንድ የኮሌጅ ዲፕሎማ ነው። ሆኖም ጋዜጠኛ ከመሆኔ በፊት አራት ዓመት ጠመኔ ይዣለሁ። በአንዲት የገጠር ከተማ 7ኛና 8ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ ከመጽሐፍ ያገኘሁትን ሳይሆን በመጽሐፍ የደረሰብኝን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቀን መልመጃው "ሥዕሉን ተመልከቱ፤ ሰውየው ምን ተሸክሟል?" ይላል። ሥዕሉ ግን በኅትመት ጊዜ ቀለም በዝቶበት ጥቁር ሆኗል። ሰውየውም ሸክሙም አይታዩም። ከኋላ ወንበር አንዱ ተነስቶ "ቲቸር፣ ሰውየው የተሸከመው ጨለማ ነው" አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ ግን አልሳቀችም። "ቲቸር፣ ለሠሩት ሰዎች ለምን አይነግሯቸውም?" አለችኝ። "እንነግራቸዋለን" አልኳት።

እውነትም ነገርናቸው! በዚያው ዓመት የአስተያየት መስጫ ቅጽ መጣ። "ጠንካራ ጎን፣ ደካማ ጎን፣ የመፍትሔ ሐሳብ" የሚል ሦስት ዓምድ አለው። አራት የእንግሊዝኛ መምህራን ነበርን። አርብ ማታ ቁጭ ብለን አሥራ አንድ ነጥብ ጻፍን። ጨለማውን የተሸከመው ሰውዬ አንደኛው ነው። ሁለተኛው፣ የማዳመጥ መልመጃው ምንባብ ያለው በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ብቻ ነው፤ መምሪያው ደግሞ ትምህርት ቤታችን አልደረሰም። ምን አንብቤ ላሰማቸው? ሦስተኛው፣ "በቡድን ተወያዩ" የሚለው ትእዛዝ ሰባ ልጅ በተጨናነቀበት ክፍል፣ አራት ሰው በአንድ ዴስክ ላይ ተደራርቦ እንዴት እንደሚሠራ ይነገረን የሚል ነበር። ርዕሰ መምህሩ ማኅተም አሳርፈው ወደ በላይ ላኩት።

ከዚያስ? ውኃ በላው። ደርሶናል ያለን የለም። ተቀበልን ያለን የለም። "እናንተ ምን ታውቃላችሁ?" ብሎ የሰደበን እንኳ የለም። ስድብ ቢሆን እኮ አንብበውታል ማለት ነበር!

ከሁለት ዓመት በኋላ አዲስ ኅትመት መጣ ተባለና ካርቶኑን በጉጉት ከፈትን። ወደዚያው ገጽ ሄድኩ። ሰውየው አሁንም ጨለማውን እንደተሸከመ ቆሟል።

ብዙም ሳይቆይ ያው ቅጽ እንደገና መጣ። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ አንድ ባልደረባችን ነበሩ፤ ጋሼ እያልን ነው የምንጠራቸው። "አንተ ልጅ፣ 'ጥሩ ነው' ብለህ ሙላና ወደ ቤትህ ሂድ። ያኛው ሳይመለስ ይኼኛው ምን ያለፋሃል?" አሉኝ። እኔም በሦስቱም ዓምድ ላይ "ጥሩ ነው" ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩም። እስከ ዛሬ በጋዜጣ ላይ ከጻፍኩት ሁሉ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ያ ጽሑፍ ነው። ለምን ቢሉ፣ ውሸት ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ። መልስ ያላገኘ አስተያየት ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ መምህሩን ዝምታ ያስተምረዋል። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? መምህሩ ዝም ሲል ደግሞ በላይ ያለው ሰው "ቅሬታ የለም" ብሎ ሪፖርት ይጽፋል። ውሸቱ ከእኔ ይነሳል፣ እየተቆለለ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ መጽሐፍ ሆኖ ተመልሶ ወደ ልጆቹ ይመጣል።

በዚህ ላይ ፍርሃት አለ። አገራችን ውስጥ "ግምገማ" የሚባለው ቃል ብዙ ሰው አቁስሏል። መጽሐፉን የተቸ መምህር "ሥርዓተ ትምህርቱን ይቃወማል" እንዳይባል ይሰጋል። ስሙንና ፊርማውን ከሚጠይቅ ቅጽ ላይ እውነት መጠበቅ ከበሬ ወተት መጠበቅ ነው።

የማይሰማ መሣሪያ ምን እንደሚያደርግ የእኔ ትውልድ በዓይኑ አይቷል። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፈው የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ፤ ፕላዝማ ያልነው። ትምህርቱ የተቀረጸው ደቡብ አፍሪካ ነው። የቴሌቪዥኑ መምህር ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ "በጣም ጥሩ!" ብሎ ያልፋል። እኛ ግን ገና ጥያቄውን አልሰማንም። ክፍል ውስጥ የቆመው መምህራችን ጥያቄ እንዳልገባን ከፊታችን ያነብባል፤ ግን ምን ያድርግ? ማስቆም አይችልም። ጥፋቱ የቴክኖሎጂው አልነበረም። አፍ ያለው ጆሮ የሌለው መሆኑ ነበር።

አሁን ደግሞ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት መጥቷል። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል መጽሐፉ በወረቀት ሳይዳረስ በኮምፒዩተርና በስልክ ቅጂው ተሰራጨ። ስልክ ለሌለው ልጅ ላም አለኝ በሰማይ ነው። በዚያው ዓመት የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ። ይህ ሁሉ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጥፋት ነው አልልም። ምክንያቱ ብዙ ነው። ግን ፊዚክሱም ታሪኩም የሚፈተነው በእንግሊዝኛ ነውና፣ ቋንቋው ያልገባው ልጅ የፊዚክሱን ጥያቄ ሳይደርስበት ይወድቃል።

እስቲ ከውጭ አንድ ምሳሌ ላንሳ። ብዙዎቻችሁ ቦርሳ ውስጥ የሆርንቢ መዝገበ ቃላት አለ። ያ መዝገበ ቃላት የተወለደው የት ይመስላችኋል? ለንደን? አይደለም፤ ጃፓን ነው። ሃሮልድ ፓልመር የተባለው እንግሊዛዊ በ1923 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ የእንግሊዝኛ ማስተማር ምርምር ተቋም አቋቋመ። ሆርንቢ ራሱ ጃፓን ውስጥ የሚያስተምር መምህር ነበር። የቋንቋው ባለቤት ልጅ እንደ ቀላል ነገር የሚያልፈው የግሥ አጠቃቀም ለውጭ ተማሪ ምን ያህል እንደሚያስቸግር እዚያ እያስተማረ አየ። መዝገበ ቃላቱ በ1942 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ታተመ፤ ኦክስፎርድ ያወጣው በ1948 እ.ኤ.አ. ነው። ዓለም የሚጠቀምበት መጽሐፍ ከክፍል ውስጥ ችግር ወጣ ማለት ነው። የእኛ ክፍሎች ችግር ሞልቷቸዋል፤ የጎደለው ሰሚ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልዙር፤ አትቆጡኝ። የእኛም አስተያየት ችግር አለበት። "መጽሐፉ ከባድ ነው።" የትኛው ገጽ? "ከተማሪው አቅም በላይ ነው።" የትኛው ተማሪ? እንዲህ ያለውን አስተያየት ደጉ አዘጋጅ እንኳ ምን ያድርገው? "በዚህ ገጽ ያለው ምንባብ ለ40 ደቂቃ ተብሏል፤ እኔ ክፍል ሁለት ክፍለ ጊዜ ፈጀ፤ ልጆቹ የማያውቋቸው ቃላት እነዚህ ናቸው" ብትሉት ግን እምቢ ለማለት ይቸገራል።

ውድቅ መደረግ ያለበት አስተያየትም አለ። "መናገርና ማዳመጥ ይውጣ፣ ሰዋስው ብቻ ይሁን" የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ምክንያታቸው ይገባኛል፤ ብሔራዊ ፈተናው ምርጫ ማጥቆር እንጂ ማናገር አይደለም። ነገር ግን ይህ መጽሐፉን ሳይሆን ፈተናውን የሚመለከት ነውና አዘጋጁ "አንቀበልም፤ ምክንያታችን ይኼ ነው" ሊለን ይገባል። እምቢ መባል አያስከፋም። የሚያስከፋው አለመሰማት ነው።

ከተማው "መጽሐፉ ቀለለ"፣ ገጠሩ "ከበደ" ቢል ሁለቱም እውነት ነው። በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ ተደረገ፤ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ማስተማሪያ ቋንቋ ነው። ግን ከዚያ ቀድመው ማስተማሪያ ያደረጉት ክልሎች አሉ። እንግዲህ 9ኛ ክፍል ላይ አንድ ዓይነት መጽሐፍ የሚቀበሉት ልጆች የመጡበት መንገድ የተለያየ ነው። አዘጋጁ ለየትኛው እንዳደላና ለምን እንዳደላ ቢነግረን መምህሩ የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል።

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ አንዱም ከባድ ገንዘብ አይፈልግም።

አንደኛ፣ ለተሰጠ አስተያየት ሁሉ ከሦስት አንድ መልስ ይሰጥ፦ "ተቀብለናል"፣ "አልተቀበልንም፤ ምክንያቱም..."፣ "ለሚቀጥለው ኅትመት አቆይተነዋል"። ሺህ መምህር አንድ ነገር ካለ አንድ መልስ ለሺው ይበቃል።

ሁለተኛ፣ የታወቀ ስሕተት አዲስ ኅትመት እስኪወጣ አይጠበቅ። የእርማት ዝርዝር በአንድ ወረቀት ታትሞ ወይም በስልክ ተልኮ ለየትምህርት ቤቱ ይድረስ። መጽሐፉን በስልክ መላክ ከተቻለ እርማቱን መላክ ምን ይከብዳል?

ሦስተኛ፣ ቅጹ ላይ የመምህሩ ስም አይጠየቅ። ክፍሉ፣ የተማሪው ቁጥርና ገጹ ይበቃል።

ለመጽሐፍ አዘጋጆችም አንድ ቃል። እናንተም ጊዜ አጥሯችሁ፣ ከላይ "ቶሎ ጨርሱ" እየተባላችሁ እንደምትሠሩ ይገባኛል። ታዲያ ያንኑ ንገሩን። "ሥዕሉ የጠቆረው በማተሚያ ቤት ነው፤ እናስተካክላለን" የምትል አንዲት መስመር ብትደርሰኝ ኖሮ፣ ሁለተኛው ቅጽ ሲመጣ "ጥሩ ነው" ብዬ አልዋሽም ነበር።

ለእናንተ ለመምህራን ደግሞ የምለው ይህን ነው፦ እኔ ያደረግሁትን አታድርጉ። ቅጹ ሲመጣ እውነቱን ጻፉ፣ ቅጂውን አስቀሩ፣ መልሱን ጠይቁ። ካልመለሱ እንደገና ጠይቁ።

ያቺ ልጅ "ለምን አይነግሯቸውም?" ብላ የጠየቀችው እኔን ነበር። ነግረናል። አሁን ተራው የመላሹ ነው።