ሃይማኖትን በዩኒቨርሲቲ ስለ ማጥናት



«አገር የጋራ ነው፤ ሃይማኖት የግል ነው» የሚለው አነጋገር በኢትዮጵያ እጅግ የታወቀ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በ90ኛው አንቀጽ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። ከነዚህ ተነሥተው በትምህርት ቤት የሃይማኖት ነገር ሊነሣ እንኳ አይገባም የሚሉ አሉ። ነገር ግን ከተጽዕኖ ነጻ መሆን ሌላ፣ ከዕውቀት ባዶ መሆን ሌላ ነው። ማተብ ያሰረውና ረመዳንን የሚጾመው ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ፣ የሁለቱንም ሥርዓት የማያውቅ መምህር በጾም የደከመውን ልጅ ሰነፍ ብሎ ይገሥጸዋል።

ሰባኪ ሰው እምነቱን እንዲቀበልለት ይናገራል፤ ሥራውም ይኸው ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህር ግን የሌላውን እምነት ሲያስረዳ፣ ባለቤቱ ሰምቶ «አዎን፣ የማምነው ይህንን ነው» እስኪል ድረስ በትክክል መግለጽ ይጠበቅበታል። ይህ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ በኡጋንዳ በማኬሬሬ የተደረገው ያሳያል።

የኬንያው ተወላጅ ጆን ምቢቲ በማኬሬሬ እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1974 አስተምረዋል። እርሳቸው የአንግሊካን ቄስ ነበሩ። ሆኖም ብዙ የውጭ ጸሐፊዎች አረማዊነት ብለው በአንድ ቃል ያለፉትን የአፍሪካውያን እምነት ራሱን የቻለ ትምህርት አድርገው ለተማሪዎቻቸው አቀረቡት። ከዚሁ ትምህርት የተገኘው መጽሐፋቸው በ1969 ታተመ። በ1970ም ከ270 የሚበልጡ ሕዝቦች ስለ ፈጣሪ ያላቸውን አሳብ የሰበሰቡበትን ሌላ መጽሐፍ አወጡ።

የአቾሊው ባለቅኔና ተመራማሪ ኦኮት ፒቢቴክ ግን ይህን አልተቀበሉም። ዘላለማዊ፣ ሁሉን ቻይ የሚሉት ስሞች ከግሪክ ፍልስፍና የተወረሱ እንጂ ከአፍሪካ መንደር የተገኙ አይደሉም ብለው ተከራከሩ። ክርክሩም ጽኑ ነው፤ ምቢቲ በበጎ አሳብ የጎረቤታቸውን እምነት ወደ ገዛ እምነታቸው ሳያስጠጉት አልቀሩም። ይህ ነገር በመቅደስ ደጃፍ ተነሥቶ ቢሆን ጠብ ይሆን ነበር፤ በሊቃውንት መካከል ግን መጽሐፍ በመጽሐፍ ተመለሰ።

በኢትዮጵያ ቅኔ ቤቱና መጻሕፍት ቤቱ፣ በወሎም የቁርኣን ትምህርት ማዕከሎች ጥልቅ ዕውቀት ሲያስተላልፉ ኖረዋል፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ የሚያስተምረው የራሱን ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ያስቀመጡት ይልቁንም የታሪክ ሊቃውንት ናቸው። ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት፣ ሁሴን አሕመድም በ2001 በ19ኛው መቶ ዓመት ስለ ነበረው የወሎ እስልምና መጻሕፍት አሳትመዋል፤ ሁለቱም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህራን ነበሩ። ክርስቲያኑ የሁለተኛውን፣ ሙስሊሙም የመጀመሪያውን ቢያነብ ስለ ጎረቤቱ የሚማረው ብዙ ነው።

በመምህራን ማሠልጠኛ ለዚህ የሚያስፈልገው ጊዜ ብዙ አይደለም። ዕጩው መምህር የአጽዋማቱን ወራት፣ የበዓላቱን ትርጉምና የቀብሩን ሥርዓት ይወቅ። ዋቄፈታዎች ባሉበት ወረዳ ከተመደበም ኢሬቻ ምን እንደ ሆነ ሽማግሌዎቹን ጠይቆ ይጻፍ፤ የጻፈውንም መልሶ ያንብብላቸው፤ ያርሙለት።