ከጋውን ማግስት

(ግንደወይን ላይ ለአዲስ ምሩቃንና ለጀማሪ ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር)



እንኳን ለምረቃ አበቃችሁ። ለወጉ ያህል አይደለም የምለው። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ተጀመረ፤ ከዚያው ዓመት ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ትምህርት ሲቋረጥ፣ ሲጠሯችሁ ስትሄዱ ሲመልሷችሁ ስትመጡ ነው ለዚህ የበቃችሁት። ወላጅ ዳስ ጥሎ፣ በግ አርዶ ቢደሰት ሲያንሰው ነው። እኔ ግን ስለ ምረቃው ቀን ልናገር አልመጣሁም። ጋውኑ ከተመለሰ፣ ፎቶው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ፣ እንግዳውም ከተበተነ በኋላ ስለሚመጣው ኑሮ ነው የማወራችሁ።

እስቲ የግቢን ኑሮ አስታውሱት። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት በሰዓቱ ካፌ ውስጥ አለ። ምግቡን አራት ዓመት ሙሉ ስናማው ኖረናል፤ ግን አለ። ዶርም ውስጥ ብዙ ሆናችሁ ትተኛላችሁ። ትኩሳት ቢይዛችሁ አንዱ ደግፎ ክሊኒክ ያደርሳችኋል። በሩ የሚዘጋበት ሰዓት አለ። በኤች አይ ቪ በኩልም እንዲሁ ነው። ክበብ አለ፣ የአቻ ለአቻ ውይይት አለ፣ ምርመራውም ቢሆን ድንኳን ተክሎ እናንተ ያላችሁበት ድረስ ይመጣ ነበር። ጓደኛ ጓደኛውን እየጎተተ "ና ባክህ እንመርመር" ይል ነበር።

ከምረቃ በኋላስ? የሚጎትታችሁ የለም። ለተማሪ የሚዘጋጅ ፕሮግራም ለተማሪ ነው። ለአፍላ ወጣቶች የሚዘጋጀውንም ዕድሜያችሁ አልፎታል። የሃያ አራት ዓመት መምህር፣ የሃያ አምስት ዓመት የግብርና ባለሙያ፣ አዲስ የተቀጠረች ነርስ "የተማሩ ናቸው፤ ያውቃሉ" ተብለው ይታለፋሉ። ማወቁንስ ያውቃሉ። የመተላለፊያ መንገዶቹን ከእኔ በላይ በቃል የሚወርዱ አሉ። በሥራዬ የማየው ችግር ግን የእውቀት ማነስ ሆኖ አያውቅም።

ሶሺዮሎጂ ስንማር ኤሚል ዱርኬም የሚባል ፈረንሳዊ ምሁር "አኖሚ" ያለውን ነገር አስተምረውናል። ባጭሩ፣ ሰው የኖረበት ደንብ ላልቶ አዲሱ ገና ሳይተካ ሲቀር የሚፈጠር ክፍተት ነው። ፈተና ላይ በትክክል ጽፌዋለሁ፤ ቤት ተከራይቼ እስክገባ ድረስ ግን ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም ነበር። የግቢው ደንብ ቀረ። የእናት ቤት ደንብም እንደ ልጅነት አይዝም። የራስ ደንብ ደግሞ ገና አልተሠራም። ስትገቡ ስትወጡ የሚጠይቃችሁ የለም። ይህን ብዙዎቻችን ነፃነት እንለዋለን። እኔ ጥሩም መጥፎም አልለውም፤ ባዶ ቤት ነው፣ የምታስገቡበትን ዕቃ አይታችሁ ነው የምትፈርዱት።

ዕቃ ካልን አይቀር፣ የጀማሪ ሠራተኛ ቤት ዕቃ ምንድን ነው? ፍራሽ፣ ጀሪካን፣ ምድጃ፣ ከቤት የተላከ በርበሬና ሽሮ። እኔም ያው ነኝ። ከደመወዙ ላይ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፣ ግብሩ አለ፣ የወጪ መጋራት ዕዳ አለ። የመጀመሪያው ደመወዝ ለእናት ይሰጣል፤ ይህ ደግሞ የሚያኮራ ወግ ነው፣ አትተዉት። ቀጥሎ ታናሽ ወንድም ደብተር ይፈልጋል፤ ታናሽ እህት እናንተ ዘንድ ሆና ልትማር ትመጣለች። ወሩ ሳይጋመስ ኪሱ ባዶ ይሆናል። ታዲያ "ራሱን ቻለ" የተባለ ሰው "ተቸገርኩ" ብሎ ለማን ይናገራል? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጀምረው።

በሴቶቹ ልጀምር። አንዲት ጀማሪ ሠራተኛ ኪራይ ሲያጥራት የሚሞላላት ሰው ይመጣል። ብዙ ጊዜ በዕድሜ ይበልጣታል፣ ገንዘብ አለው፣ ሚስትም ሊኖረው ይችላል። ሲጀምር አይጠይቃትም፤ ይሞላላታል እንጂ። በሦስተኛው ወር ኪራይ የሚከፍልላትን ሰው "ኮንዶም ካልተጠቀምክ አይሆንም" ለማለት አፍ አይገኝም። ስለ ኮንዶም አጠቃቀም ለሌሎች የምታስተምር ልጅ ትሆናለች እኮ! ብዙ ሰው ይህን የሥነ ምግባር ጉድለት ይለዋል። እኔ የሒሳብ ጉድለት ነው የምለው። ስለዚህ መፍትሔውም ከምክር በፊት ሒሳቡ ላይ ነው። ሁለት ጀማሪ መምህራን አንድ ክፍል ተጋርተው፣ በአንድ ምድጃ አብስለው፣ ትንሽ ዕቁብ ሲገቡ አይቻለሁ። ኪራዩ በግማሽ ወረደ፤ ማታ የሚያዋራም ሰው ተገኘ። አከራዬ እማማ "ሁለት ሆኖ የሚኖር ልጅ ቶሎ አይታለልም" ይላሉ፤ ከብዙ ሥልጠና ይህ ይበልጥብኛል።

ወንዶቹ ደግሞ ደመወዝና የመስክ አበል የተከፈለበት ቀን ነው የሚፈተኑት። ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻውን ከሚያመሽ ግሮሰሪ ያመሻል። በመጠጥ መሀል የተጀመረ ነገር ላይ ኮንዶም የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ይህን ታውቁታላችሁ፤ አላስረዝመውም።

ሥራ ያላገኘውን ግን ልዝለለው አልችልም። ዲግሪውን ይዞ አባቱ ቤት የተመለሰ ልጅ አለ። ጧት ጧት ማስታወቂያ ሰሌዳ ያያል፣ ከሰዓት መንገድ ዳር ይቆማል። "ተምሮ ምን አመጣ" የሚለውን ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል። ለነገ የሚጠነቀቅ ነገ ያለው ሰው ነው፤ ነገ የጠፋበትን ልጅ "ራስህን ጠብቅ" ብንለው ለምን ብሎ ይጠይቀናል፣ ጥያቄውም ትክክል ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካላችሁ እናንተንም ነው የጠራነው። በዓመት አንድ ቀን ለዘመቻ ከመጥራት አልፎ በሳምንት አንድ ቀን የሚያውላቸው ሥራ ብንሰጣቸው ይሻላል ብዬ ለሚመለከታቸው ተናግሬአለሁ፤ እዚህም እደግመዋለሁ።

ቁጥር ልንገራችሁ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ የኤች አይ ቪን ስርጭት በአዋቂዎች ዘንድ 0.9 በመቶ አድርጎ አገኘው። ትንሽ ይመስላል። ሲከፈል ግን ገጠር 0.4፣ ከተማ 2.9 በመቶ ሆነ። ሰባት እጥፍ ነው። የገበሬ ልጅ ተምሮ ሥራ ሲይዝ የሚገባው ከተማ ነው፤ ስሟ ትንሽ ይሁን እንጂ ከደጀን በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚያደርሰው መንገድ የሚያልፍባት ግንደወይንም ከተማ ናት። በ2010 ዓ.ም. በከተሞች ብቻ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ቫይረሱ በደማቸው ካለ አዋቂዎች ከአምስቱ አንዱ ገደማ አለማወቁን አሳይቷል።

ለምን አያውቅም? ምርመራው ነፃ ነው፣ መድኃኒቱም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። እዚህ ላይ ስለ ከተማችን አንድ ነገር ልናገር፤ አትቀየሙኝ። ትንሽ ከተማ ናት። አዲስ ሰው በገባ በሳምንቱ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት እንደተከራየ፣ ከማን ጋር ሻይ እንደጠጣ ይታወቃል። ለጀማሪው ሠራተኛ የሚያየው ሰው ሞልቷል፤ የሚጠይቀው ሰው ግን የለም። እናም ከቫይረሱ ይልቅ የምርመራ ክፍሉን በር ይፈራል። ውጤቱ ምን ሆነ መሰላችሁ? የግንደወይን ልጅ ለመመርመር ሞጣ ይሄዳል፤ የሞጣው ቢቸና ይወርዳል፤ የቢቸናው ግንደወይን ይመጣል። አንዳንዴ ሚኒባስ ውስጥ ይተላለፋሉ ብዬ እስቃለሁ። ግን የማያስቅም አለው።

አንድ ወጣት አለ። ፈቅዶልኝ ነው የምናገረው፤ እንዳታውቁትም አንዳንድ ነገር ቀይሬአለሁ። ቫይረሱ በደሙ እንዳለ ያወቀው ግቢ እያለ ነው። ሁለት የዶርሙ ልጆች ያውቁ ነበር፤ ሰዓቱ ሲደርስ አንደኛው በዓይኑ ይጠቅሰዋል፣ እሱም ይውጣል። እንዲህ አድርጎ ተመረቀ። እዚህ አካባቢ ሥራ ሲይዝ የክትትል ካርዱን አላዘዋወረም፤ "ሰው ያየኛል" ብሎ። ቀጠሮው በደረሰ ቁጥር አለቃውን "ቤተሰብ ታሞብኝ" እያለ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ከዚያ መንገድ ተዘጋ። ብልቃጡን ገልብጦ ቆጠረ፤ አሥራ አንድ ፍሬ። እንዲበቃው ብሎ አንድ ቀን እየዘለለ ይወስድ ጀመር። በዚህች ከተማ ውስጥ ይህን የሚነግረው አንድም ሰው አልነበረውም። ከተከራየበት ቤት መድኃኒቱ እስካለበት ጤና ተቋም በእግር ሃያ ደቂቃ አይሞላም።

መዝለል ምን እንደሚያደርግ ላስረዳ። መድኃኒቱ በደም ውስጥ መጠኑ ሲወርድ ቫይረሱ ይራባል፤ ሲራባም መድኃኒቱን የሚቋቋም ዓይነት ሊፈጠር ይችላል። ከዚያ በኋላ ያው መድኃኒት ላይሠራለት ነው። ልጁ በስተመጨረሻ እኛ ዘንድ መጣ፤ አብሬው ሄድኩ። ካርድ ማዘዋወር የሚቻልና የተለመደ ነገር ነው። የተረጋጋ ታካሚ የስድስት ወር መድኃኒት አንድ ጊዜ የሚወስድበት አሠራርም አለ፤ ዛሬ እሱም እንደዚያ ነው የሚወስደው። "ሰው ያየኛል" ያለውስ? አዎ፣ የጎረቤቱ ሴትዮ አየችው። እሷም የመጣችው ለራሷ ክትትል ነበር።

ቀሪውን ጊዜ እናንተ ደጋግማችሁ በምትጠይቁኝ ላይ ላውለው።

ቫይረሱ ያለበት ሰው ማግባት ይችላል ወይ ትላላችሁ። ይችላል፣ ይወልዳልም። መድኃኒቱን በትክክል ወስዶ በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ ከደረሰና እዚያው ከቆየ፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ ሰው አያስተላልፍም። ይህ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የተረጋገጠ ነው። በልጅነታችሁ ግድግዳ ላይ ያያችሁትን የሚያስፈራ ሥዕል እርሱት።

ከሠርግ በፊት የሚጠየቀው ወረቀትስ? ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ይጠይቃሉ፣ መልካም ነው። ነገር ግን ያ ወረቀት የዚያን ቀን ፎቶ ነው። ከመመርመራችሁ በፊት ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ የገባ ቫይረስ በምርመራው ላይታይ ይችላል። ስለዚህ የሠርጉ ካርድ ከተበተነ በኋላ ሳይሆን ነገሩ ገና በሁለታችሁ መካከል እያለ፣ አብራችሁ ሂዱ፤ ከሦስት ወር በኋላም ድገሙት። እስከዚያው መታቀብ ወይም ኮንዶም ነው።

ኮንዶም ቢቀደድ፣ ወይም ከዚህ የከፋው፣ አስገድዶ መድፈር ቢደርስ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመርና ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ። በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ማልቀሻ ጊዜ ይኖራል፣ መጀመሪያ ጤና ተቋም ድረሱ።

ራስን በራስ መመርመሪያ መሣሪያም አለ፤ ከድድ ላይ በሚወሰድ እርጥበት ይሠራል። ጤና ተቋማችሁን ጠይቁ። አለ ብሎ ካሳየ የመጨረሻ ቃል አይደለም፣ በጤና ተቋም መረጋገጥ አለበት።

ሥራ ፈላጊዎች ደግሞ "ለቅጥር ያስመረምሩናል" ብላችሁ ትፈራላችሁ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 እንኳ አዲስ ተቀጣሪ ከሚያቀርበው የጤና ማስረጃ የኤች አይ ቪን ምርመራ ለይቶ አውጥቶት ነበር። ፍርሃቱ ያረጀ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቋርጥ በዚያ ገንዘብ ይሠሩ የነበሩ ብዙ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋርጧል። ድንኳኑን ተክለው፣ ቤት ለቤት ሄደው "ተመርመሩ" ይሉ የነበሩት ከእነዚህ መካከል ነበሩ። እንግዲህ እንደ ድሮው እናንተ ዘንድ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ የምትሄዱት እናንተ ናችሁ። ቤት በተከራያችሁበት ከተማ፣ በእግራችሁ።

አሁን ትንሽ ወረቀት ይታደላችኋል። ስም አትጻፉበት። ጥያቄ ያለው ጥያቄውን፣ የሌለው ባዶውን አጥፎ ሳጥኑ ውስጥ ይክተት፤ ማን እንደጻፈ እንዳይታወቅ ሁሉም ይጣል። ከሻይ በኋላ እናነባቸዋለን። የምክር አገልግሎት የምትሰጠው እህታችንም ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ክፍል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ትቆያለች። ክፍሉ ሁለት በር አለው።