ያገለገለ መኪና ለመግዛት ለምታስቡ አባሎቻችን

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ተለጥፏል።)




ስለ ያገለገለ መኪና ግዢ ጥቂት እንድናገር ስለታዘዝኩ በቅድሚያ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ነገር ግን የማኅበሩ ጸሐፊ በመሆኔ ብዙ ሰው የውል ወረቀት ይዞ ‹‹እስቲ ይቺን አንብብልኝ›› እያለ ወደ ቤቴ ይመጣል። አንዳንዱ ከመፈረሙ በፊት ይመጣል፤ ይኼ ደግ ነው። አብዛኛው ግን ፈርሞ፣ ብሩን ቆጥሮ ከሰጠ በኋላ ነው የሚመጣው። ያን ጊዜ ማንበቡ ምን ይረባል?

የምንነጋገረው ስለ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። የብዙዎቻችን የመኪና ገንዘብ የዓመታት ዕቁብ ነው፣ ከዘመድ የተበደርነው ነው፣ ወይም ውጭ አገር ያለ ልጅ ከጉሮሮው ቀንሶ የላከው ነው። እንዲህ ያለ ገንዘብ አንዴ ከጠፋ ተመልሶ አይገኝም። ስለዚህ በጥሞና እንድታዳምጡኝ እለምናለሁ።

እንግዲህ ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። የመኪና ዋጋ ማለት ሻጩ የሚጠራው ብር ብቻ አይደለም። መግዣው፣ ስም ማዛወሪያው፣ መጠገኛውና ነዳጁ ሲደመር ነው ዋጋው የሚታወቀው። ወረቀቱ በስማችሁ ያልሆነ መኪና ደግሞ በነፃ ቢሰጣችሁ እንኳ ርካሽ አይደለም።

አሮጌ መኪና ለምን እንዲህ ተወደደ? ብለው የሚጠይቁ አሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን በጣም አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍታ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለ። አገር ውስጥ ያሉትን መግዛትና መሸጥ ግን አልተከለከለም። ታዲያ ያሉት እነዚያው ስለሆኑ፣ ደላላው ‹‹ዛሬ ካልገዛህ ነገ አታገኘውም›› እያለ ያጣድፋል። አባቶቻችን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ። የሚያጣድፋችሁን ሰው ‹‹ነገ መካኒክ ይዤ እመጣለሁ›› በሉት። መኪናው ደህና ከሆነ ነገን አይፈራም።

አንደኛ፤ ስለ ገንዘብ አመዳደብ

በእጃችሁ ካለው ከ100 ብር ውስጥ 80ውን ብቻ ለመግዣ መድቡ። የቀረውን 20 ብር አትንኩት። እሱ ለቴምብር ቀረጥና ለስም ማዛወሪያ፣ ለሦስተኛ ወገን መድን፣ ለዘይትና ለፊልትሮ፣ ምናልባትም ለባትሪና ለጎማ ይሆናል። ያላቸውን ሁሉ ለሻጩ ከፍለው፣ በወሩ ጎማ መግዣ አጥተው መኪናውን በር ላይ ያቆሙ ጎረቤቶች አሉን። የደላላውንም አበል አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍል በወረቀት ይጻፍ።

ነዳጅም እንደ ድሮው አይደለም። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ቀስ በቀስ ሲነሣ ዋጋው የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ሒሳብ ላሳያችሁ። አንድ ሰው በወር 600 ኪሎ ሜትር ይነዳል እንበል። መኪናው በ1 ሊትር 14 ኪሎ ሜትር ቢሄድለት በወር ወደ 43 ሊትር ይበቃዋል። በ1 ሊትር 8 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከሆነ ግን 75 ሊትር ይፈጃል። ልዩነቱ በወር 32 ሊትር፣ በዓመት ከ380 ሊትር በላይ ነው። ይኼንን በጊዜው የሊትር ዋጋ አባዙትና እዩት። ሲገዙት የረከሰው መኪና በሁለት ዓመት ውስጥ የተወደደውን ይበልጠዋል።

ሁለተኛ፤ የትኛውን መኪና?

አቅሙ ውስን ለሆነ ሰው ዋናው ጥያቄ ‹‹ዕቃው ሶማሌ ተራ ይገኛል ወይ? የሰፈሬ መካኒክስ ያውቀዋል ወይ?›› የሚለው ነው። የሚያምር መኪና ሆኖ ዕቃው የማይገኝ ከሆነ፣ እንግዳ ተቀብሎ የሚያበላው እንደሌለው ሰው መሆን ነው። በዚህ በኩል ቶዮታ ይመረጣል።

ሰው ሁሉ ቪትዝ የሚለው ትንሹ ቶዮታ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። ባለ 1000 ሲሲው ነዳጅ ይቆጥባል፤ ርዝመቱ 3.6 ሜትር ገደማ ስለሆነ በጠባብ ቅያሳችን ውስጥ ለማቆም ይመቻል። ጣሪያው ከፍ ያለ በመሆኑ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቶች ብዙ ሳይጎነበሱ ይገቡበታል። ኮሮላ ደግሞ ሰፋ ይላል፤ የኋላ ዕቃ መጫኛውም ለቤተሰብ ይሆናል፤ ለረጅም መንገድም ይመቻል። ነገር ግን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩት ኮሮላዎች ሞተር ውስጥ ባለ ጥርስ ቺንጋ አላቸው፤ 100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን መቀየር አለበት። መቼ እንደተቀየረ ሻጩን ጠይቁ። ካላወቀው ገና እንዳልተቀየረ ቁጠሩትና ዋጋውን ከሒሳባችሁ ላይ አንሱ።

ስለ ቪትዝ አንድ ነገር ልጨምር። ቪትዝ የሚለው ስም ጃፓን አገር ውስጥ ይሸጥ ለነበረው የተሰጠ ነው፤ እዚያ ደግሞ መሪው በቀኝ ነው። ያው መኪና አውሮፓ ሲሸጥ ያሪስ ይባል ነበር። እንግዲህ ጀርባው ላይ ቪትዝ የሚል ጽሑፍ ኖሮት መሪው በግራ ከሆነ፣ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ እንደሆነ ጠይቁ። የተዛወረ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ግን ሥራው የተጣደፈ ከሆነ መሪው ይላላል፣ ዳሽቦርዱ ይንቋቋል። የፊት መብራቱ ካልተቀየረም ጨረሩ ወደ ግራ ስለሚያደላ ማታ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ይወጋል።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ መሆኗንም አትርሱ። አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ስለዚህ ትንሽ ሞተር ያለውን መኪና ለብቻችሁ ሜዳ ላይ ነድታችሁ አትመኑት። አራት ሰው ጭናችሁ ዳገት አስወጡት። ቤተሰባችሁ አምስትና ስድስት ከሆነ፣ ወይም ክፍለ ሀገር የምትመላለሱ ከሆነ፣ 1300 ሲሲ ይሻላችኋል።

ሦስተኛ፤ ስለ አመራመሩ

መኪናውን ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ እዩ። ስትደርሱ መጀመሪያ መዳፋችሁን ኮፈኑ ላይ አድርጉ። ከሞቀ ሻጩ አስቀድሞ አስነሥቶታል፤ ለምን እንደሆነ ጠይቁት።

ሞተሩ ሲነሣ ከኋላ ጭሱን ተመልከቱ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እንደሚበላ ያሳያል። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታል። በጠዋት ብርድ ትንሽ ነጭ እንፋሎት ቢታይ ምንም አይደለም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ወፍራም ነጭ ጭስ ካላቆመ ግን ውሃ ወደ ውስጥ እየገባ ነውና ተጠንቀቁ። ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የዘይቱን ክዳን ክፈቱ። ውስጡ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ከያዘ ውሃና ዘይት ተቀላቅለዋል፤ ጓርኒሲዮኑ ተበልቷል፣ ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል ማለት ሊሆን ይችላል። ይኼ ከባድ ወጪ ነው። የራዲያተሩን ክዳን ግን ሞተሩ ትኩስ ሳለ በፍጹም አትክፈቱ፤ ፊት ያቃጥላል።

ቀለሙ ስላማረ አትታለሉ። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አካሉ ላይ አስጠጉት። ላሜራ ከሆነ ይይዛል፤ በስቱኮ የተሞላ ከሆነ ይወድቃል። ስቱኮ ያለበት መኪና ተገጭቶ ሊሆን ስለሚችል መካኒኩ ከሥር ገብቶ ሻንሲውን ይይ።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብቻ አትመኑ፤ ወደ ኋላ ይመለሳል። የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ አልቆ፣ መሪው ተልጦ፣ ወንበሩ ጎድጉዶ ሳለ ቆጣሪው 60,000 ካለ፣ ፔዳሉን እመኑ። አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ ጥርሷን ያዩ ነበር። የጎማ ጥርስ ደግሞ በጎኑ ላይ የተጻፈው ባለ አራት አሐዝ ቁጥር ነው። 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ቢመስልም ከ10 ዓመት በላይ የሆነው ጎማ ይደርቃል፣ ይፈነዳል። እንዲህ ያለውን ሒሳብ ውስጥ አስገቡት።

ሲነዳ መሪውን ለቀቅ አድርጉት፤ ወደ አንድ ወገን የሚስብ ከሆነ ምክንያቱ ይፈለግ። ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የማይፈጥን ከሆነ ፍሪሲዮኑ አልቋል። አውቶማቲክ ከሆነ ማርሽ ሲለውጥ መንገጫገጭ ወይም መዘግየት የለበትም። ኮብልስቶን ላይ አስነዱት፤ የሾክና የቴስቲኒ ነገር እዚያ ይሰማል። ምቾት የሚባለውም ይኸው ነው፤ የወንበር ልብስና ትልቅ ቴፕ አይደለም።

አራተኛ፤ ስለ ወረቀቱ

ይኼን ክፍል አደራ እላችኋለሁ። በሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። ቦሎው ያላለፈበት መሆኑን እዩ። ከዚያ ፋይሉ ያለበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት ዕግድ እንደሌለበት አጣሩ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነም ቀረጡ መከፈሉን አረጋግጡ። ይኼን ሁሉ ሳታደርጉ ቀብድ አትክፈሉ። በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 799 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው መኪና መንገድ ላይ መውጣት እንደማይችልም እወቁ።

ከሁሉ የሚብሰው በውክልና መግዛት ነው። ለስም ማዛወሪያ የሚወጣውን ለማዳን ሲባል ሻጩ ለገዢው ውክልና ይሰጠዋል፤ መኪናው ግን በሻጩ ስም ይቀራል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው ፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ውክልና የሰጠው ሰው በመሠረቱ ሲሞት ውክልናው ይቀራል። በሕይወት ሳለም ሊሽረው ይችላል።

እዚሁ ሰፈራችን አንድ ጎረቤታችን እንዲህ ገዝተው ሻጩ በስድስተኛው ወር ዐረፉ። ወራሾቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ነገር ግን የመኪናው ባለቤት በወረቀት ሟቹ ናቸውና፣ የወራሽነት ማስረጃ እስኪወጣ ድረስ መኪናው ከዓመት በላይ በሸራ ተሸፍኖ ቆመ። የዕቁቡ ዕዳ ግን አልቆመም፤ በየሳምንቱ ይከፈል ነበር። ወገኖቼ፣ እኛ የመረዳጃ ማኅበር አባላት ነን፤ ሞት ቀጠሮ እንደማይሰጥ ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ይፈጸም፤ ስሙም ወዲያው ይዛወር። ሻጩ ባለ ትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛውም ቀርቦ ይፈርም።

አምስተኛ፤ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና

ወጣቶቻችን ‹‹ያገለገለ ኤሌክትሪክ መኪናስ?›› ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቤንዚን አይጠይቅም፤ የሞተር ዘይትም አይቀየርም። ነገር ግን ትልቁ ዋጋው ባትሪው ነው፤ ባትሪ ደግሞ እያደር ይደክማል። ስለዚህ ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ በእውነት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ነድታችሁ ፈትኑ። የባትሪው ዋስትና ቀሪ ዘመን እንዳለውና ወደ እናንተ እንደሚተላለፍ በጽሑፍ ጠይቁ። ቆጣሪያችሁ የጋራ ከሆነ ወይም መኪናው ከቤት ርቆ የሚያድር ከሆነ፣ የት ቻርጅ እንደምታደርጉ ከመግዛታችሁ በፊት ወስኑ። በመስኮት ገመድ ዘርግቶ መንገድ ማቋረጥ ለሕፃናት አደጋ ነው።

በመጨረሻም አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ማንም አባል ለብቻው ሄዶ መኪና አይግዛ። ለቅሶ ብቻችንን እንደማንደርስ ሁሉ ግዢም ብቻችንን አንሂድ። አንድ ሻጩ የማያውቀው መካኒክና አንድ ወረቀት የሚያነብ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ለመካኒኩ ዋጋውን ክፈሉት፤ በወዳጅነት ብቻ የታየ መኪና በደንብ አይታይም። የውል ረቂቅ ማስነበብ የሚፈልግ አባል እሑድ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያገኘኛል፤ ከመፈረሙ በፊት ይምጣ እንጂ።

 ለምትገዙም ሆነ ለምትሸጡ አምላክ ከአደጋ ይጠብቃችሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ